ካካዎ የማይገባበት ዳይት የለም

ያን ጊዜ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። የከተማው ባቡር ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ጋና ልትሄድ ሆነና «ምን ላምጣላችሁ?» ብላ ዞራ ጠየቀችን። ሴቶቹ ሁሉ ጨርቅ አሉ። እኔ ግን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ «የቸኮሌት አገር አይደል የምትሄጂው? ቸኮሌት አምጪልኝ» አልኳት።

ተመልሳ ስትመጣ ለሁሉም ዓይን የሚስብ ጨርቅ አከፋፈለች። ለእኔ ጥቁር ስብርባሪ የሞላበት ትልቅ ከረጢት አቀበለችኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ቸኮሌት ነዋ! ቸኮሌት ከመሆኑ በፊት» አለች። «የካካዎ ፍሬ ነው፤ ተፈልፍሎ፣ ተሰባብሮ። ሆቴላችን ያረፉት ፈረንጆች እንደ ቆሎ ነው የሚቆረጥሙት። ለጤና ነው አሉኝ።»

ቆንጠር አድርጌ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ሽታው ቸኮሌት ነው፤ ጣዕሙ ግን ኮሶ። ኮሶ ጠጥቼ አላውቅም፤ የእናቴ ዕድሜ ሰዎች ስለ ኮሶ ሲያወሩ ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ሰጪዋ ፊት ለፊቴ ቆማ ዓይን ዓይኔን ስለምታይ መትፋት አልተቻለም። «እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዴት ይጣፍጣል!» ብዬ ዋጥኩት።

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምንኖረው እኔና እናቴ ነን። እናቴ ከረጢቱን ከፍታ አሸተተች፤ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰበረች፤ ከዚያ በሐዘኔታ አየችኝ።

«ማናት እንዲህ አድርጋ ቡና ያሳረረችው?»

«ቡና አይደለም እማዬ፤ ካካዎ ነው።»

«ቢሆንስ? አሳርራዋለች» አለችና ከረጢቱን የጓዳው መደርደሪያ ላይ፣ ከላይኛው ጥግ ወሸቀችው። የሰጡትን ምግብ መጣል ነውር ሆኖባት እንጂ ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር።

በስምንት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ፣ አብነት ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ ትሰፋለች። ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ምሳዋንም የምትበላው እዚያው ተቀምጣ ነው። በዚያው ሰሞን ራስ ምታትና ድካም አላስቆም አላስቀምጥ ሲላት ክሊኒክ ሄደች፤ ከክሊኒኩም በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። አራት ፎቅ ወጥታ በራችን ላይ ስትደርስ መናገር አቅቷት ነበር። ውኃ ጠጥታ ትንፋሿ ሲመለስ፣

«ስኳሬ ከፍ ብሏል» አለች። «ዶክተሩ ‹በሽታው ገና አልያዘሽም፤ ደጃፍሽ ላይ ግን ቆሟል› አለኝ።»

እናቴ የያዘችውን ማማሰያ አስቀመጠች። ስኳር የሚባለው በሽታ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። አባታችንን የወሰደብን እሱ ነው፤ መጀመሪያ የእግሩን ጣት፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻ ራሱን። እኔ ስምንት ዓመቴ ስለነበር ብዙውን አላስታውስም። ቁስሉን በየቀኑ ታጥብ የነበረችው እህቴ ናት።

«እና ምን አድርጊ አለሽ?» አልኳት።

«እንጀራ ቀንሺ፣ ለስላሳ ተዪ፣ በእግርሽ ሂጂ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ይሄን ለመስማት ነው ግማሽ ቀን የተሰለፍኩት? ይሄንማ እማዬም ትነግረኝ ነበር።»

ስለዚህ ጉዳዩን ከዶክተሩ ከፍ ላለ ባለሙያ ለማቅረብ ወሰነች። ባለሙያው ስልኳ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ስትመጣ ሁሉን አውቃ ጨርሳ ነበር። ጠላታችን ዱቄት ነው። እንጀራ ጠላት፣ ዳቦ ጠላት፣ ፓስታማ የጠላት ጠላት። ቅባት ግን ወዳጅ ነው፤ ሰው ቅባት ሲበላ ሰውነቱ የራሱን ቅባት ማቃጠል ይለምዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነግራን ጓዳ ገባች። ወዲያው ጩኸት ሰማን።

«ካካዎ ኒብስ! እናንተ ቤት ካካዎ ኒብስ አለ?»

ስንደርስ ከረጢቱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋዋለች። «ይሄ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስኳር የለው፣ ዱቄት የለው፤ ቅባት በቅባት! ለእኔ ዳይት ተብሎ የተፈጠረ ነው እኮ!»

«እንግዲያማ ውሰጂዋ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ውስጥ እፎይታ ነበር።

አልወሰደችውም። ሱቋ ውስጥ አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች እንዳይጨርሱባት ሰጋች። ማንም ሊጨርሰው እንደማይችል ብነግራትም አላመነችኝም። እኛ ቤት ተወችውና ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት መምጣት ጀመረች። ሦስት እንቁላል በቅቤ ትጠብሳለች፤ ከላዩ ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ ካካዎ ትነሰንሳለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትበላለች። ለምሳ ክትፎ። ለእራት ጥብስ፣ ያለ እንጀራ።

«ክትፎ የሚያከሳ ከሆነ» አለች እናቴ አንድ ቀን፣ «ክትፎ ቤት የምናያቸው ሰዎች ሁሉ ምን ነክቷቸው ነው?»

«እነሱ በቆጮ ነው የሚበሉት፤ ችግሩ ቆጮው ነው» አለች እህቴ።

ይህ ዳይት ዐቢይ ጾም ሲገባ ሞተ። እህቴ ጾም አትሽርም፤ ይህን የትኛውም ስልክ አያስተዋትም። ሥጋው፣ ቅቤውና እንቁላሉ ሲወጡ፣ ዱቄቱ አስቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ሳህኗ ላይ የቀሩት ጎመንና ካካዎ ብቻ ሆኑ። በሁለቱ ብቻ ሁለት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ስልኳ አዘነላትና ሌላ መንገድ አሳያት። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የማይነካበት ዳይት ነው።

«በፈረንጅ አገር ታዋቂ ሰዎች ሁሉ ወደዚህ እየዞሩ ነው» አለችን።

«እኛስ ከዓመቱ ግማሹን የምንበላው ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቴ። «ታዋቂ ያልሆንነው ስላልወፈርን ነው?»

ካካዎው ከዛፍ የተገኘ ስለሆነ ይህንንም ፈተና አለፈ። እህቴ ግን ሌላ ጭንቀት ያዛት። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ። ጠበል ረጭተው ሲቀመጡ ጥቂት ካካዎ በሳህን አድርጋ አቀረበችላቸው።

«አባ፣ ይሄ ለጾም ይሆናል?»

«ከምንድነው የሚሠራው?»

«የዛፍ ፍሬ ነው።»

«የዛፍ ፍሬ ከሆነ ምኑ ያጠያይቃል?»

«ቸኮሌት የሚሠራው ከዚህ ስለሆነ ነው አባ። እየበላሁት ልቤ ቸኮሌት ቢመኝ ጾሜን እንዳያፈርስብኝ ብዬ ነው።»

አባ ሦስት አራት ፍሬ አንስተው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ማኘክ ጀመሩ። ማኘካቸውን አቆሙ። በግድ ዋጡት፤ ውኃም ለመኑን።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄ የምግብ ወገን አይደለም፤ የንስሐ ወገን ነው። ሳትሰጊ ብዪው።»

ጾሙ ሲጋመስ ደግሞ እሳት የነካው ምግብ ሁሉ ሞቷል የሚሉ ሰዎች ስልኳ ላይ ተገኙ። ሽሮው ቀረ። እህቴ ጥሬ ካሮት፣ ጥሬ ጎመንና በውኃ የራሰ ሽምብራ እየበላች ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የካካዎው ዕጣ አጠራጠረን። ጥሬ ነው ወይስ የተቆላ? ባለሙያዋ እናቴ ተጠየቀች።

«ተቆልቷል» አለች ሳታመነታ። «ይሄን ያህል ዘመን ቡና ቆልቼ ጥሬውን ከተቆላው አልለይም?»

እህቴ ከረጢቱን አየች። እናቷን አየች። ከዚያ ከረጢቱን መረጠች። «ፀሐይ ላይ ነው የደረቀው» ብላ ወሰነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ካካዎው ጥሬ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ የጥንት ሰው ዳይት መጣ። የጥንት ሰው ያልበላውን አንበላም። እናቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ የመጀመሪያው አስተዋይ ሐሳብ መሰላት።

«ጤፍ ማለት ነዋ!»

«ጤፍ አይሆንም እማዬ። እርሻ ሳይጀመር በፊት ዋሻ ውስጥ ይኖር የነበረው ሰው ነው። እሱ እህል አያውቅም።»

«ስንት ዓመት ይኖር ነበር ይሄ ሰው?»

እህቴ ስልኳን ነካካች። ስለዚህ ጉዳይ ስልኳ ብዙ መናገር አልፈለገም።

«ካካዎስ ነበረው?»

«ፍሬ እኮ ነው፤ ለቅሞ ይበላል።»

«ከጋና ድረስ ሄዶ?» አለች እናቴና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ወዲያው ረመዳን ገባ። ፊት ለፊታችን ያለው ቤት የሚኖሩት የወሎ እናት ናቸው። ከእናቴ ጋር ከዱሮው ሰፈር ጀምሮ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ዕጣው እዚህም በር ለበር አደረጋቸው። እህቴ በዚያን ጊዜ አዲስ የሰዓት ዳይት ላይ ነበረች። በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ ይበላል፤ የቀረውን ሰዓት አፍ ይዘጋል። ጎረቤታችንን በረንዳ ላይ አግኝታ በኩራት «እኔም እንደ እርስዎ እየጾምኩ ነው» አለቻቸው። ይህን ስትል ካካዎ እየቆረጠመች ነበር።

«እየበላሽ ነው የምትጾሚው ልጄ?»

«ይሄ እኮ ስኳር የለውም። ስልኬ ላይ ‹ጾሙን አያፈርስም› ይላል።»

ጎረቤታችን ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸሸጉት። «ወላሂ፣ የአንቺ ስልክ አዛኝ ነው። በእኛ ዘንድ በአፍ የገባ ሁሉ ምግብ ነው።»

ያን ቀን ማፍጠሪያ ላይ ጠሩን። ካካዎውን ቀምሰው ፊታቸውን ሳያጨማድዱ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጥቂት አሰቡና «ይሄ ጓደኛ ያጣ ነገር ነው» አሉ። ቴምሩን ሰነጠቁት፣ ፍሬውን አወጡ፣ በምትኩ ካካዎ ሞሉበት። ያ መራራ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣፈጠኝ። እህቴንም ጣፈጣት። እኔ ሰባት እስክትበላ ድረስ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ አፍሬ ፊቴን አዞርኩ።

«ቴምር የተፈጥሮ ስኳር ነው» አለችኝ ስንወጣ፣ ሳልጠይቃት። በሚቀጥሉት ሳምንታት በየቀኑ ማታ ያንኑ ታዘጋጅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሜክሲኮ አብረን ታክሲ ስንጠብቅ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሚዛን ዘርግተው የተቀመጡ ሽማግሌ አየች። አራት ወር ሙሉ ሚዛን ላይ አልወጣችም፤ የድሉን ቀን እየጠበቀች ነበር። ወጣች። ክሊኒክ ከተመዘነችበት በአራት ኪሎ ጨምራለች።

«አባቴ፣ ሚዛንዎ ተበላሽቷል።»

«የእኔ እመቤት፣ ይሄ ሚዛን ከጠዋት ጀምሮ ያስደሰተው ሰው የለም» አሉ ሽማግሌው በእርጋታ። «ቢበላሽ ኖሮ አንዱን እንኳን ያስደስት ነበር።»

ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠች፤ ወጣች። ጫማዋን አወለቀች፤ ወጣች። ሻርፗን ፈታች። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አንዷ «ቁርስሽን ስለበላሽ ነው» አለች፤ አንዱ «ጠዋት በባዶ ሆድ ነው እንጂ» አለ። እህቴ «አንቺ ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ። እኔ እንደ ሁልጊዜው ነኝ። ሚዛኑ ደህና ነበር።

ታክሲውን ትተን በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። እህቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ የአባታችን ቀብር ላይ እንኳን።

«ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ» አለች።

«ማን ያለሽን?»

«ሁሉም ያሉኝን!»

እጇን ይዤ ቤት አስገባኋት። እናቴ ፊቷን አይታ ወንበር ሳበችላት። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ ከረጢቱን አወረድኩና፣ እነዚያን አራት ወራት ሙሉ ማናችንም ያላደረግነውን አደረግኩ፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ሁለት ማንኪያ ነው ይላል። ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሻይ ብርጭቆ አየነው። ካካዎው ውሸታም አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ዳይት በእርግጥ ይስማማ ነበር። ለማንም የማይስማማው ብርጭቆው ነው። እንቁላሉም፣ ክትፎውም፣ ቴምሩም በላዩ ላይ የተጨመሩ ነበሩ።

እኔ ልስቅ ነበር። እናቴ ግን እህቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር» አለቻት። «የአባትሽን ቁስል እንድታጥቢ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ማየቱን ፈርቼ ነው። እኔ ስለፈራሁ አንቺን አስገባሁ።»

እህቴ እጇን እናቴ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«አውቃለሁ እማዬ» አለች። «ከበሩ ውጪ ቆመሽ ስትተነፍሺ እሰማሽ ነበር።»

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የማላውቀው ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ በእህቴ ዳይቶች ላይ የቀለድኩትን ቀልድ ሁሉ ሳስብ ደስ አይለኝም። ሰው የሚሮጠው ከምን እንደሆነ ሳያውቁ በአሯሯጡ መሳቅ ቀላል ነው።

ሰኞ ዕለት እናቴ ራሷ ክሊኒክ ይዛት ሄደች፤ እኔም ከሥራ አስፈቅጄ ተከተልኳቸው። ዶክተሩ ያው የመጀመሪያው ነው፤ ወጣት ነው። እህቴ አምስቱንም ዳይት በተራ ነገረችው። እየሰማ መጻፍ ጀመረ፤ የጥንት ሰው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ካካዎው ክፉ ነገር አይደለም» አላት። «ሁለት ማንኪያ ብትበዪ ማንም አይናገርሽም ነበር። አንቺ ግን የየዳይቱን የተፈቀደውን እንጂ የተከለከለውን አልያዝሽም።»

«ዶክተር፣ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ምን ነበር ያልካት?» አለች እናቴ።

«እንጀራ ቀንሺ፣ ለስላሳ ተዪ፣ በእግርሽ ሂጂ።»

«ጻፍልኝ ልጄ። ማኅተምም አድርግበት፤ ያለ ማኅተም አትሰማም።»

ዶክተሩ የሳቀ መሰለኝ፤ ግን በመድኃኒት ማዘዣው ወረቀት ላይ ሦስቱን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት። ወረቀቱ እስካሁን የስፌት ሱቋ ግድግዳ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሴቶች ከልደታ ተነስተው እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግራቸው ሄደው ይመለሱ ጀመር፤ እናቴ፣ ጎረቤታችንና እህቴ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁለቱ አሮጊቶች እየቀደሟት፣ ጥግ ላይ ቆመው እየጠበቋት፣ «አብሽሪ፣ ደርሰሻል» ይሏት ነበር። እንጀራው ግማሽ ሆነ። ለስላሳው ቀረ። የተረፈው ካካዎ በሁለት ማንኪያ፣ በእርጎ ላይ፣ ለወራት ዘለቀ፤ በጾም ቀን ያለ እርጎ። ስኳሯ ወረደ። አልጠፋም፤ እንደ ክፉ ጎረቤት አሁንም እዚያው ደጃፍ አካባቢ ነው፤ ግን እስከዛሬ አልገባም። ለዚህ ምስጋናውን የምትሰጠው ለማን እንደሆነ ደንበኞቿ ሲጠይቋት «ለካካዎው» ትላለች። የሦስቱን ሴቶች ጉዞ ማንም ሰምቶ አያደንቅላትማ።

ሱቋ የሚመጡት ሴቶች ለሠርግና ለበዓል ልብስ ሲለኩ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ፦ «ወገቡ ጋ ጠበብ አድርጊው፤ እስከዚያ ድረስ እከሳለሁ።» እህቴ አትከራከራቸውም። ባሉት ልክ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ ከስፌቱ በታች ግን፣ ማንም እንዳያየው አጥፋ፣ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትተውላቸዋለች።